ሳማ እንዴት ይለቀማል፣ እንዴትስ ይሰራል?

ሳማን ብዙ ሰው የሚያውቀው በእግሩ ነው። ክረምት ላይ በቁምጣ አጥር ስር ሲያልፍ ለብልቦት። እኔም የተዋወቅሁት እንደዚያ ነው። ወጥ ሆኖ ፊቴ ሲቀርብ ግን ቂሜን ረሳሁ። ዛሬ ከአጥሩ ስር እስከ ድስቱ ያለውን መንገድ እናያለን።

ከዚያ በፊት አንድ ትንሽ ሂሳብ። በኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በተባለው ቦታ የተገኘ የሰው ቅሪት ቢያንስ 230,000 ዓመት እንደሚሆነው ተገምቷል። እርሻ የተጀመረው ደግሞ የዛሬ 12,000 ዓመት ገደማ ነው፤ እሱም በመካከለኛው ምሥራቅ። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ዓመት ጨምቁት። ሰው ከመስከረም 1 ጀምሮ ሲለቅምና ሲያድን ይኖራል። በጋው ያልፋል፣ ክረምቱ ይገባል፣ ገበሬ የለም። የመጀመሪያው ገበሬ ብቅ የሚለው ነሐሴ 17 ነው፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት። ጤፍም ቢሆን ሰው ሳይዘራው በፊት የዱር ሣር ነበር። በከፋ ጫካ ዛሬም ማንም ካልተከለው ቡና ላይ ይለቀማል። እና ሳማ ስትለቅሙ የምትሠሩት ከእርሻ በጣም የሚቀድም ሥራ ነው።

(ለቀማና ቃርሚያን ግን አታምታቱ። ቃርሚያ ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን መሰብሰብ ነው፤ ያ እህል ባለቤት ነበረው። እዚህ ለቀማ የምለው ማንም ያልዘራውን ነው።)

መጀመሪያ ተክሉን እወቁ

የእኛ ሳማ ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው። ስሙ ከሰሜን ተራሮች የመጣ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። ደጋ ይወዳል። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ቅጠሉም ግንዱም ጸጉራም ነው። አለብላቢት የሚባለውም ይለበልባል፤ እሱ ግን ሌላ ነው፣ ለዚህ ወጥ አይሆንም።

የት ይገኛል? ሰው ባለበት። ወይም በነበረበት። አጥር ስር፣ በረት አጠገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ላይ። ሳማ ፍግና አመድ የጠገበ አፈር ይወዳል። ከሜዳ መሃል ድንገት የሳማ ጥቅጥቅ ካያችሁ፣ እዚያ አንድ ጊዜ ጭስ ይጨስ እንደነበር መጠርጠር ትችላላችሁ።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትልቀሙ። ይህ ለማንኛውም የዱር ቅጠልና ፍሬ ይሠራል። ከፎቶ ብቻ መማር አይበቃም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጋር ውጡ። ገጠር ያሉ እናቶችና እረኞች በዚህ ፕሮፌሰር ናቸው።

ጊዜና ቦታ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ለጋው ጥሩ ነው። አበባ ሳያወጣ ልቀሙት፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይሻክራል፣ ሆድም አይወደውም። ይህ ወቅት ጎተራ የሚጎድልበት ነው። ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና አረንጓዴ ነው። በሰሜን ሸዋም በጎንደርም በጎጃምም ደጋ ሳማ ብዙ ቤት የደገፈው በዚህ ክፍተት ነው። ፍልሰታም እዚሁ ላይ ይገባል፤ የጾም ወጥ ሲታሰብ ሳማ አጥሩ ስር ቆሞ ይጠብቃል።

ከአስፋልት ዳር፣ ከቱቦ አፍ፣ ከቆሻሻ መጣያና መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ጠርዝ አትልቀሙ። ሳማ አፈሩ ውስጥ ያለውን ክፉውንም ደጉንም ይስባል። አዲስ አበባ ላይ ወንዝ ዳር የሚያምር ሳማ አለ። ለዓይን ብቻ ይሁን።

አለቃቀም

ወፍራም ጓንት ካላችሁ አድርጉ። ከሌለ ፌስታል ሁለት ሦስት አድርጋችሁ እጃችሁ ላይ ጠቅልሉ። ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ። በመቀስ ወይም በቢላ ከላይ ያለውን ለጋ ጫፍ ብቻ፣ ከ4 እስከ 6 ቅጠል፣ ቁረጡና ዘንቢል ውስጥ ጣሉ። ሥሩን አትንቀሉ። ከአንድ ቦታ ሁሉንም አትላጩ፤ የተቆረጠው ከሳምንታት በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ምን ያህል? ከምታስቡት በላይ። አንድ ዘንቢል ሙሉ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ሲቀቀል ጭብጥ ያህላል።

ከለበለባችሁስ? መለብለቡ አይቀርም፣ ተዘጋጁ። ቅጠሉ ላይ ያለው ጸጉር ጫፉ እንደ መስታወት ቶሎ የሚሰበር መርፌ ነው። ስትነኩት ይሰበርና ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ቆዳ ውስጥ ይወጋል። አትከኩ፤ በውሃና በሳሙና እጠቡት። ልጆች ሆነን ቱልት ፈልገን፣ ቅጠሉን ጨምቀን እናሽበት ነበር። የሚገርመው የእንግሊዝ ልጆችም የቱልትን ዘመድ ለዚሁ ይጠቀማሉ። መድኃኒቱ ቱልቱ ይሁን ፍለጋው ግን አከራካሪ ነው። ቱልት እስክታገኙ እኮ ሕመሙ ራሱ ይበርዳል።

ማጠብና መቀቀል

እዚህ ጋ ነው ጀማሪ የሚሸወደው። የተቆረጠ ሳማም ይለበልባል። እኔ መጀመሪያ ቀን እንደ ጎመን በባዶ እጄ አጠብኩት፤ ማታውን ጣቶቼን በረዶ ውስጥ ነክሬ አመሸሁ። ቅጠሉን ሰፊ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በማማሰያ እያገላበጣችሁ እጠቡ። ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሩ።

ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ለ10 ደቂቃ ይቀቀል። ሙቀቱ መርፌውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚህ በኋላ በእጅ መያዝ ይቻላል። አውጥታችሁ ጨምቁና በቢላ አድቅቁት፣ ወይም ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉ፣ ንጹህ ከሆነ ለወጡ ይሆናል።

ወጡ

ለ4 ሰው፦ ግማሽ ኪሎ ያህል ጥሬ ለጋ ሳማ፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ማንኪያ የገብስ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ 2 ቃሪያ። ገብስ ከሌለ ሽሮ ይሆናል፤ እኔ ግን ገብሱን እመርጣለሁ፣ ሽሮ የሳማውን ጣዕም ይውጠዋል። በርበሬም አልጨምርም።

ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ። የደቀቀውን ሳማ ከተቀቀለበት ውሃ 2 ኩባያ ጋር ክተቱ። ሲፈላ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ደረቁን ከበተናችሁት ይጓጉላል። በመጠነኛ እሳት 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨውና ቃሪያው በመጨረሻ። ሲወርድ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፈር ያለ፣ እንጀራ ላይ የማይፈስ መሆን አለበት።

ሳማ ብረትና ካልሲየም በብዛት አለው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም እርጉዝ የሆናችሁ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታዘውትሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሳማ የችግር ምግብ ስለሚባል እንግዳ ሲመጣ ድስቱን የሚከድኑ ቤቶች አውቃለሁ። እኔ ይህ አይገባኝም። ጎመን ገዝቶ መክተፍ ማንም ይችላል። የሚለበልብን ነገር ለይቶ፣ ወቅቱን ጠብቆ፣ አለስልሶ ማብላት ግን ሙያ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ እዚያ የሚበቅለው የሳማ ዘመድ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ወቅቱ ግን የዚያው ብርድ እንዳለፈ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። መናፈሻ ውስጥ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚፈቀድ መሆኑን ጠይቁ።

የተረፋችሁን ጥሬ ቅጠል ጥላ ሥር ሰፌድ ላይ አሰጡት። በደንብ ሲደርቅ ጓንት አድርጋችሁ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉትና ጠርሙስ ውስጥ ክደኑት። ሑዳዴ ላይ የገብሱ ወጥ ሲሠራ አንድ ሁለት ማንኪያ ጣል ይደረግበታል።