ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት፦ በሥነ ሕንፃና በከተማ ፕላን ማስተርስ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሞኑን ሦስት የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳባቸውን እንዳነብላቸው ላኩልኝ። ያየሁባቸው ስህተቶች እኔም ተማሪ ሳለሁ የሠራኋቸው ናቸው። አንድ በአንድ ልጻፋቸው ብዬ ተነሳሁ።

የትምህርት ዘርፉን በስሙ ብቻ መምረጥ

ልደታ ያለው፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ የምንለው ግቢ እንኳ የከተማ ዲዛይኑን፣ የቤቶች ልማቱን፣ የቅርስ ጥበቃውን ለየብቻ ያስተምራል። የከተማ ዲዛይን መንገዱን፣ አደባባዩን፣ በሕንፃዎች መሃል የሚቀረውን ቦታ ይመለከታል። ፕላን ግን መሬት፣ ሕግና ገንዘብ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን እና የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ን ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ፕላን ውስጥ ገብቶ ይጨነቃል። ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር እዩ። እየተማረ ያለ አንድ ሰው ፈልጋችሁም ቡና ጋብዙ።

ፖርትፎሊዮን (የሥራ ማሳያ ጥራዝን) በሬንደር፣ በኮምፒውተር በተሠራ ምስል፣ መሙላት

በተለይ ውጭ አገር ለምታመለክቱ። ያማረ ምስል ሁሉም ያቀርባል። እንዴት እንዳሰባችሁ የሚያሳየው በእጅ የተሳለው፣ የተሰረዘው፣ የተቀየረው ንድፍ ነው። እሱን አትጣሉት።

ርዕሱን ከተማ ማሳከል

«በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ችግርና መፍትሔው»። ይሄ የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሥራ እንጂ የአንድ ተማሪ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ አንድ ሳይት ያዙ፣ ጀሞም ይሁን የካ አባዶ። ከሳይቱም አንድ ነገር ምረጡ።

ለምሳሌ የጋራ መገልገያ ቤቶቹን፣ ነዋሪው ኮሙናል የሚላቸውን። ሲነደፉ እንጀራ እንዲጋገርባቸው፣ በግ እንዲታረድባቸው፣ ለቅሶና ድግስ እንዲስተናገድባቸው ነበር። ሄዳችሁ እዩ። አንዱ ሱቅ ሆኗል፣ ሌላው ተቆልፏል፣ ሌላው ጋ ዛሬም ተራ ተይዞ ይጋገራል። ለምን? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የመብራቱን ማን ይከፍላል? አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት የሊጥ ባልዲ ይዛ ደረጃ ትወርዳለች? ወይስ በረንዳዋ ላይ ምጣድ ጥዳለች? እነዚህን ጥያቄዎች በደንብ የመለሰ ሰው ስለ አዲስ አበባ ቤት ብዙ ነገር ነግሮናል። ለእኔ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ይሄ ነው፤ አንድን ቦታ እስከ ጥጉ ማወቅ።

ካርታዎችን ሳያገናዝቡ መደራረብ

ይሄኛውን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ከመሥሪያ ቤት የምታገኙት የአዲስ አበባ ላይን ማፕ፣ ቤቱንና መንገዱን በመስመር የሚያሳየው ካርታ፣ አብዛኛውን ጊዜ አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠራ ነው። ጎግል ኧርዝ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳትቀይሩ ካደራረባችኋቸው ካርታው 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። የእኔ ጥናት ወሰን ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ሰፈር ገብቶ ነበር። ቤቶቹን ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የነቃሁት። የሁለት ሳምንት ሥራ ውኃ በላው። መጀመሪያ የምታውቁትን አንድ የመንገድ መጋጠሚያ አመሳክሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ።

ሰው ቤት በሜትር መግባት

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጉለሌ ውስጥ የቀበሌ ቤቶች ስለካ፣ የመጀመሪያው ቀን ሜትሬን ገና ግድግዳው ላይ እንደዘረጋሁ አንዲት እናት ከደጃቸው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ መቼ ነው የምንነሳው?» አሉኝ። ተማሪ ነኝ አልኳቸው። አላመኑኝም። በር ላይ ሜትር የዘረጋ ሰው ለእሳቸው አፍራሽ ነው። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ካየን ወዲህ ይሄ ስጋት ብሷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። የዕድሩን ዳኛ ፈልጉና ማን እንደሆናችሁ፣ ጥናቱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ንገሯቸው። ከዩኒቨርሲቲ የተጻፈውን የትብብር ደብዳቤ አሳዩ። «ጥናቱ ሰፈራችሁን ያሻሽላል» ብላችሁ የማትችሉትን ቃል አትግቡ። ቡና ከቀረበላችሁ እስከ ሦስተኛው ተቀመጡ፤ ማድቤቱን ከስንት ቤት ጋር እንደሚጋሩ፣ ሽንት ቤቱ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን የሚነገረው ያኔ ነው። የምትሄዱበትን ሰዓትም ቀያይሩ። የሥራ ቀን ጠዋት ብቻ የሄደ ሰው ማታ የሚገባውን ግማሽ ቤተሰብ አያገኝም።

ሥራችሁን ስትጨርሱ ደግሞ ተመለሱ። እኔ የግቢውን ፕላን አትሜ ለእናትየዋ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አምጥተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ በጣታቸው ማድቤቱ ላይ ጠቆሙና «በሩ እኮ በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ለመመረቂያ ያስገባሁት ፕላን እሳቸው ያረሙት ነው።