ልጃችሁ ግዳጅ ላይ ሲሆን እንዴት ትጸልያላችሁ?

ልጄ ወታደር ነው። ሁርሶ ሠለጠነ፣ ኋላ በሰላም አስከባሪነት ሶማሊያ ሄደ። በሄደ ሰሞን ጸሎት አቃተኝ። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ግን ስልኩ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ልጇን፣ ባሏን ወይም ወንድሟን ሸኝታ እንደኔ ግራ ለገባት ነው።

ከመሄዱ በፊት የጸሎት ሰዓት ተስማሙ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። እኛ ማታ ሦስት ሰዓት አልን። እሱ ጥበቃ ላይ ቢሆን እንኳ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ይላል፣ እኔም ቤት ቆሜ እላለሁ። ደቂቃ አይፈጅም። ግን ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የዋለው ሐሳብ ያቺን ሰዓት ይጠብቅልኛል። ሶማሊያና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው። ልጃችሁ ራቅ ያለ አገር ከሆነ ልዩነቱን አስልታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የክርስትና ስሙን ለንስሐ አባታችሁ ስጡ። የሰፈር ስሙን የሚያውቁ ካህን የክርስትና ስሙን ላያውቁ ይችላሉ። ከእኔ ሌላ ስሙን በጸሎት የሚጠራ ሰው እንዳለ ማወቄ ሌሊት አስተኝቶኛል።

ዳዊት የምትደግሙ እንደ ልማዳችሁ ድገሙ። የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ስለሆነ፣ ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው ይከብዳል። እኔ ሁለት መረጥኩ፤ 90ኛውንና 120ኛውን። በብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች 91 እና 121 ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለተኛው ስምንት ቁጥር ብቻ ነው። መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል የሚለው እዚያ ነው። ልጄ በቃሉ ይዞት ሄደ። ፕሮቴስታንት የሆነች ጎረቤቴ ወንድሟም ወታደር ነው። እሷ በራሷ ቃል ትጸልያለች፣ እኔ ከመጽሐፍ እደግማለሁ፤ ይህን መዝሙር ግን አብረን እናነበዋለን።

እጃችሁም ሥራ ይያዝ። የዳዊት አባት እሴይ ሦስት ልጆቹ ጦር ሜዳ ሳሉ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ? የተጠበሰ እሸትና አሥር እንጀራ ላከላቸው፣ ለሻለቃቸውም አሥር አይብ። ደኅንነታቸውን ጠይቅ ብሎ ትንሹን ልጅ ላከው። በ1ኛ ሳሙኤል 17 ነው። ጎልያድን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስንቁን ግን እናልፈዋለን። እኔ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው የማዘጋጀው። ገብሱን እየቆላሁ ስጸልይ ሐሳቤ አይበተንም። ስትልኩ ለጓዶቹም የሚበቃ አድርጉ፤ ብቻውን አይበላውምና።

አሁን ከባዱን ልበል። ብዙ ወራት የጸለይኩት «በሰላም መልስልኝ» ብቻ ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ሉቃስ 3፥14ን አስነበቡኝ። ወታደሮች መጥተው መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ይሉታል። ማንንም አትግፉ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ያን ቀን አለቀስኩ። ነፍሱን ሳልጠይቅለት ሥጋውን ብቻ ስለምን ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ እላለሁ፦ «ጌታዬ፣ እጁን ከግፍ ጠብቅ። ሲቆጣ አብርድለት። የሚገጥመውም የእናት ልጅ መሆኑን አታስረሳው። አለቆቹን አስተዋይ አድርጋቸው። መልሰህ ስትሰጠኝ ልቡንም መልስልኝ።» ጨክናችሁ እንደዚህ ጸልዩ። መጀመሪያ አፍ ላይ ይከብዳል።

ስልክ ሲደውል አታልቅሱ። እኔ አንዴ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ኋላ ነገረኝ። የት እንዳለ አትጠይቁት። ስለ ቤት አውሩለት፤ ላሟ መውለዷን፣ የእህቱን ፈተና። ስትጨርሱ መርቁት። ልቅሶው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይድረስ።

ስልኩ የሚጠፋበት ሳምንት ይመጣል። ያኔ ቴሌግራም ላይ ወሬ አታሳድዱ። እኔ ማቴዎስ 8ን እገልጣለሁ። ብላቴናው የታመመበት መቶ አለቃ ራሱ ወታደር ነው። ጌታ ቤትህ ልምጣ ሲለው፣ መቶ አለቃው «ቃል ብቻ ተናገር» አለው። ትእዛዝ ሰው ሳይሄድ እንደሚደርስ ከሥራው ያውቃል። ብላቴናውም ጌታ ቤቱ ሳይገባ ዳነ። እኔ የማልደርስበት ቦታ ቃሉ ይደርሳል እያልኩ ያንን ሳምንት እገፋዋለሁ። ጸሎት ጨርሶ እንቢ ካለ «እግዚኦ መሐረነ» ብቻ በሉ።

ሲመለስ ሰው ይሰበሰባል። ስንት ሰው ገደልክ የሚል አይጠፋም፤ እናንተ አስቁሙት። ልጄ በመጣ ሰሞን በር ሲጋጭ ይበረግግ ነበር። ጸበል ወሰድኩት፣ ሐኪም ጋርም ወሰድኩት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለካህን የሚናገረውን ለእናቱ ላይናገር ይችላል። አትቀየሙት።

በሰፈራችሁ ልጁ ያልተመለሰላት እናት ካለች፣ «እግዚአብሔር የወደደውን ይወስዳል» አትበሏት። ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ድንኳኑ ሲነሣና አርባው ሲወጣ ሰው ይቀንሳል። ያኔ ቡናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን አንሥታችሁ ስለ ልጅነቱ ጠይቋት።