የጉዳት ካሳ ፍርድ በይግባኝ ላይ እያለ አፈጻጸሙን እንዴት ማሳገድ ይቻላል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ባጃጅ ገጭቶ የተሳፋሪው እግር ተሰበረ እንበል። ወረዳ ፍርድ ቤቱ ባለንብረቱ ካሳ እንዲከፍል ፈርዷል፤ ባለንብረቱ ደግሞ መጠኑ በዝቷል ብሎ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊል ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም የማያቆም መሆኑን ነው። ይግባኙ ቀጠሮ እየጠበቀ ሳለ የፍርድ ባለመብቱ፣ ማለትም ካሳ የተፈረደለት ተጎጂ፣ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ መኪናውን ሊያስከብርና በሐራጅ ሊያሸጥ ስለሚችል እግዱ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

በመጀመሪያ ፍርዱ እንደተነበበ ማኅተም ያረፈበት የውሳኔ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ይውሰዱ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል፤ ሆኖም እግድ የሚፈልግ ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ባይጠብቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም አቤቱታው ያለ አግባብ ዘግይቶ እንደሆነ ችሎቱ ይመዝናል።

ቀጥሎ ከይግባኝ ማመልከቻው ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ አቤቱታ ያቅርቡ። የእግድን ጉዳይ የሚገዙት ከቁጥር 332 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ናቸው። ዋናው ድካም ያለው ይህን አቤቱታ በመጻፍ ላይ ነው። «ፍርዱ ተገቢ አይደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አፈጻጸሙ ቢቀጥል የሚደርስብዎ ከባድ ጉዳት ምን እንደሆነ በዝርዝር መታየት አለበት፤ ለምሳሌ መተዳደሪያዎ የሆነው መኪና ከተሸጠ በኋላ ይግባኙን ቢያሸንፉ እንኳ መኪናውን ማስመለስ እንደማይቻል ያስረዱ። የሐራጅ ቀን ተቆርጦ ከሆነ ማስታወቂያውን ያያይዙና አቤቱታው በአስቸኳይ እንዲታይ ይጠይቁ።

የይግባኙ ምክንያት ራሱም መፈተሽ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ስለሚሆን «እኔ አልነዳሁም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። በአንጻሩ ለሕሊና ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ ተፈርዶ ከሆነ ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ ታልፏልና ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በዛሬው ገበያ ገንዘቡ ኢምንት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋስትናም ያዘጋጁ። ፍርድ ቤቱ የባንክ ዋስትና ሊጠይቅ ወይም ገንዘቡ በሞዴል 85 (በአደራ ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ እንዲደረግ ሊያዝዝ ይችላል። በእኔ እምነት ተጎጂው የሕክምና ወጪውን እየጠበቀ ስለሆነ የማይከራከሩበትን ክፍል ከፍለው እግዱን በቀረው ላይ ብቻ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ ችሎቱም አቤቱታውን በቅንነት እንዲያየው ይረዳል።

እግዱ ከተሰጠ የትእዛዙን ግልባጭ ለአፈጻጸም ችሎቱ ራስዎ ያድርሱ። ሳይደርስ ቀርቶ ሐራጁ ቢካሄድ ጣጣው ብዙ ነው። እግዱ ከተከለከለ ደግሞ ፍርዱ ቢሻር ገንዘቡ እንዲመለስ የፍርድ ባለመብቱ ከመቀበሉ በፊት ዋስትና እንዲያቀርብ ማመልከት ይቻላል። ይግባኙ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጪው (ይግባኝ የተባለበት ወገን) ሳይጠራ ከተሰረዘ እግዱም አብሮ ስለሚያበቃ ገንዘቡ እስከዚያ ቀን ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት።