በድሬዳዋ የሽንኩርት ማሳዬ ላይ የወጣውን ጨው እንዴት እንዳጠብሁት

በጉድጓድ ውኃ የማለማው የሽንኩርት ማሳ ነጭ የጨው ቅርፊት አውጥቶ የቅጠሉ ጫፍ መድረቅ ሲጀምር ጎረቤቶቼ ማዳበሪያ እንድጨምር መከሩኝ፤ ዳሩ ግን ማዳበሪያም በውኃ ሲሟሟ ጨዋማነትን ስለሚጨምር ምክራቸውን አልተቀበልሁም። አፈሩ ሲመረመር የጨው መጠኑን የሚያሳየው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ (የአስተላላፊነት መለኪያ) በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የሽንኩርት ምርት ደግሞ ገና ከ1.2 ጀምሮ ይቀንሳል። እዚህ ባሕር የለም፤ ጨዉን የሚያከማቸው ሙቀቱ ነው፤ ውኃው ሲተን በውስጡ የተሟሟው ጨው ከሥሩ አጠገብ ይቀራልና።

ስለዚህ ማሳውን ደልድዬ፣ ከግርጌው የማፋሰሻ ቦይ ቆፍሬና ዙሪያውን ዝቅተኛ ክትር ሠርቼ፣ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ በማቆር ጨዉ ከሥር በታች ወርዶ በቦዩ እንዲወጣ አደረግሁ። ቦዩ ከሌለ ግን ማጥለቅለቁ ከንቱ ድካም ነው፤ ጨዉ በበጋ ተመልሶ ይወጣል። ጂፕሰም የተባለው ካልሲየም ያለው የአፈር ማከሚያ ማዕድን የሚረዳው ሶዲየም ለበዛበት አፈር በመሆኑ አልገዛሁም። ሽንኩርቱ አሁን አገግሟል፤ ጨው ባልለቀቀው ጥግ በሜትር እስከ 6.8 ዴሲሲመንስ ጨዋማነትን የሚችለውን ማሽላ ዘርቻለሁ።