«እዚህ በፍጹም አይደረስም» የምንለውን ኮድ ምን እናድርገው?

የትዕዛዝ ሁኔታ ሦስት ብቻ ነው እንበል፦ አዲስ፣ የተከፈለ፣ የተላከ። ስዊቹ (እንደ ዋጋው የሚሠራውን ኮድ የሚመርጠው ክፍል) ላይ ሦስቱንም ጽፈሃል። ከሦስቱ ሌላ ዋጋ ሲመጣ የሚሠራው ዲፎልቱ ውስጥስ ምን ይግባ?

ባዶ አትተወው። ነል (ባዶ ዋጋ) መልሰህም አትለፈው፤ ነገ አንዱ መጥቶ «የተሰረዘ» የሚል አራተኛ ሲጨምር ፕሮግራሙ ምንም ሳይል የተሳሳተ ውጤት ይዞ ይቀጥላል፣ ችግሩ ብቅ የሚለውም ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። እዚያው ይውደቅ! ረስት በሚባለው ቋንቋ ላይ ፕሮግራሙን የሚያስቆመውን አንሪቸብል (unreachable!) የሚባለውን ማክሮ ጥራ፣ ጃቫ ላይ አሰርሽን ኤረር (AssertionError) ወርውር። መልእክቱ ውስጥ ያልተጠበቀውን ዋጋ አስገባ፣ አለዚያ ሎጉ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ምንም አይነግርህም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮምፓይለሩን (ኮዱን ከመሮጡ በፊት የሚፈትሸውንና የሚተረጉመውን ፕሮግራም) ማሠራት ነው። ታይፕስክሪፕት ላይ ዲፎልቱ ውስጥ ዋጋውን ኔቨር (never፣ ምንም ዋጋ የማይቀበል) የሚል ዓይነት ላለው ቫሪያብል ስጠው፤ አንድ ሁኔታ ከተረሳ ኮዱ ገና ሳይሮጥ ይጮህልሃል።

የሲ ፕላስ ፕላስ 23 አንሪቸብል (std::unreachable) ግን ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ፕሮግራሙን አያቆምም፤ «እዚህ አይደረስም» ብለህ ለኮምፓይለሩ የገባህለት ቃል ነው፣ ከተደረሰበት የሚፈጠረው አይታወቅም። ፍጥነት በእውነት ካላስጨነቀህ አትንካው።

ከተጠቃሚ ወይም ከኔትወርክ የሚመጣ የተሳሳተ ዋጋ ደግሞ «አይደረስም» ከምንለው ውስጥ አይገባም። እሱ ተራ ስህተት ነው፣ በተራ ስህተት ደንብ አስተናግደው።