የወጥ ቤት ልጣጭን ኮምፖስት አድርጎ መሸጥ፦ ከየት ይጀመራል?

ኮምፖስት፣ ማለትም ከሚበሰብስ ነገር የሚዘጋጅ ማዳበሪያ፣ ሠርቶ ለመሸጥ ብዙ ካፒታል አያስፈልግም። ትንሽ ቦታ፣ አካፋና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ለአትክልት ምግብ መሆን የሚችል ነገር በፌስታል ታስሮ ይጣላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ ልጣጭ አስሬ መጣል አስጠላኝ። ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በዚያ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ጥሬ ዕቃ ፈልጉ። ከቤታችሁ የሚወጣው ብቻ አይበቃም። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ጁስ ቤትና አንድ ሁለት ቡና ጠጡ አነጋግሩ። ክዳን ያለው ባልዲ እናንተው ስጧቸውና በየቀኑ ማታ ማታ ውሰዱ፤ አንድ ቀን ከቀራችሁ ይሸታል፣ ባለቤቱም ሁለተኛ አይሰጣችሁም። ፌስታልና ስትሮ እንዳይቀላቅሉበት ከመጀመሪያው ለምኗቸው፣ በኋላ መልቀም ቀን ይፈጃል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ምግብ አትቀበሉ። አይጥና ውሻ ይጠራል። በየወረዳው ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማህበራትንም ቀድማችሁ አናግሩ፣ እንጀራቸውን የምትሻሙ እንዳይመስላቸው።

ደረቁን ደግሞ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ከሱቅ ካርቶን፣ ከግቢ የረገፈ ቅጠል ታገኛላችሁ። ቀለም የነካው ሰጋቱራ አይሆንም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ይቅርባችሁ፣ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያፍናል። የጫት ገረባ በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ግን ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ እኔ ለአበባ በሚሆነው ላይ ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ሰላጣና ጎመን ለሚተክል ሰው በሚሄደው ውስጥ አላስገባም።

ክምሩ በቁመትም በጎንም ቢያንስ አንድ አንድ ሜትር ይሁን። ካነሰ አይሞቅም፣ በተለይ በአዲስ አበባ ብርድ። ከሥር ጭራሮ አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ፣ ሰጋቱራ ከሆነ ግን ከዚያ ቀንሱ። በመሐል በመሐል እበት ጣል ጣል አድርጉበት። እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ፦ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት መዳፋችሁን ብቻ ካረጠበ ልክ ነው፣ ከወረደ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል።

በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ፌሮ ሰክታችሁ ትንሽ አቆዩትና አውጡት። ይዛችሁ መቆየት እስኪያቅታችሁ ከጋለ ውስጡ ወደ 55 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። የአረምን ዘርና በሽታን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። በየሳምንቱ ገልብጡት፣ የውጪው ወደ ውስጥ እንዲገባ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥሮታል፤ ደረቅ ጨምሩና አገላብጡ። ክረምት ላይ በሸራ ሸፍኑት።

አሁን ዋናው ነገር። አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ሁለት ወር የቆየውን፣ ጥቁር መሆኑን ብቻ አይቼ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ለሚሸጥ አንድ ልጅ ሸጥኩለት። በሳምንቱ ብሄድ ጽጌረዳዎቹ ቢጫ ሆነዋል። ብሩን መለስኩለት። ስድስት ወር ያሳደጋቸውን ችግኞች ግን ከየት ላምጣለት? ያልበሰለ ኮምፖስት እንዲህ ነው፣ ሥር ያቃጥላል፣ ከአፈሩም ናይትሮጅን ይሻማል።

ከዚያ ወዲህ ፌጦ ሳልዘራበት አንድም ጆንያ አላወጣም። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሳህን አምጡ። አንዱ ላይ ኮምፖስቱን፣ ሌላው ላይ እርጥብ ጥጥ አድርጉና ሃያ ሃያ ፍሬ ፌጦ ዝሩ። ፌጦ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ አትደንግጡ፣ ጠባዩ ነው። በአራት በአምስት ቀን ቁጠሩ። ኮምፖስቱ ላይ የበቀለው ከጥጡ ጋር ተቀራራቢ ከሆነና ሥሩ ነጭ ከሆነ ደርሷል። ግማሹ ከቀረ ወይም የሥሩ ጫፍ ከጠቆረ ሦስት ሳምንት ጨምሩለትና እንደገና ሞክሩ። እዚህ ከተማ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል።

የደረሰውን በአሸዋ ወንፊት ንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረው ለቀጣዩ ክምር እርሾ ይሆናል። በአምስት በአምስት ኪሎ መዝኑና ያዘጋጃችሁበትን ወር ጻፉበት፣ ገዢ ያምናችኋል።

ጎን ለጎን የዘይት ጄሪካን ቆርጣችሁ የአበባ መትከያ ልትሸጡ ትችላላችሁ። ከሥር በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት፣ ደጅ ሆናችሁ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም። ኬሚካል የነበረበትን ጄሪካን በፍጹም አትንኩ። ባዶ ሃይላንድም ለችግኝ ይሆናል።

ገበያው ያለው ከክረምት በፊት ነው። ጥር ላይ ከከመራችሁ ግንቦት ላይ ትሸጣላችሁ። ችግኝ ሻጮችና በረንዳ ላይ አበባ የሚተክሉ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ዋጋ ስታወጡ የባልዲ ማመላለሻውንና የራሳችሁን ጉልበት አስሉ፣ ብዙ ሰው ጥሬ ዕቃው ነጻ ነው ብሎ ይረሳዋል። ድርጅት ሊገዛችሁ ከመጣ ደረሰኝ ስለሚጠይቅ ንግድ ፈቃዱን ቀድማችሁ አውጡ። ስትሸጡም የፌጦውን ሳህን ይዛችሁ ሂዱ። ያ ችግኝ ሻጭ ልጅ ዛሬም ከእኔ ይገዛል፣ ሳህኑን ሳያይ ግን ብር አያወጣም።