የአደይ አበባዬ ቢጫ የት ጠፋ?

መስከረም ላይ እንጦጦ ያነሳሁት አደይ አበባ በሙሉ ነጥቶ ወጣብኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌንሱን ነበር። ለካ ጥፋቱ የኔው ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነበር ያነሳሁት።

ኃይለኛ ፀሐይ ቅጠልና አበባ ላይ ሲያርፍ ያንጸባርቃል። ነጸብራቁ ነጭ ስለሆነ ከስሩ ያለውን ቀለም ይሸፍነዋል።

ሰማዩ ደመና የለበሰ ቀን ጠብቄ ተመለስኩ። ጃንጥላም ይዣለሁ፤ እንጦጦ አይታመንም። ደመናው ብርሃኑን በትኖ አለሰለሰው። ቢጫው እንደ እንቁላል አስኳል ደመቀ፣ ጥቁሩ ጥላም ጠፋ።

ግን ፎቶው ትንሽ ሰማያዊ ሆነብኝ። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ፣ ከአውቶ ወደ ደመና ምልክቱ ስቀይረው ሞቅ አለ። ፖላራይዘርም ገጠምኩ፤ ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ ነው። ለሰማይ ብቻ የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ፤ የእርጥብ ቅጠልን ነጸብራቅ ግን በደመናም ቀን ይቀንሳል። ቀለበቱን ቀስ እያሉ አዙሮ ማየት ነው። ፖላራይዘሩ ብርሃን ይበላል፣ ነፋሱም አበባውን ያወዛውዛል፤ ስለዚህ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን አቅም) 800 አድርጌ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ያዝኩት።

ነጩን ሰማይ ከፍሬም አስወጣሁት። ዓይን ከመስረቅ በቀር ጥቅም የለውም።

የድሮዎቹን በኤዲቲንግ ላድናቸው ሞክሬ ነበር። እምቢ አሉ፤ አጠፋኋቸው።